መሪ ይቀየራል

ጅግጅጋ ውስጥ መሪ የሚቀይር ሰው ነበር ቢባል ወሬው ፖለቲካ የሚመስለው አይጠፋም። አይደለም። ተሜ ከፖለቲካ ጋር የተነካካው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳያስበው።

ሥራው እንዲህ ነው። በቶጎ ውጫሌ በኩል ከሶማሌላንድ የሚገባው መኪና መሪው በቀኝ ነው። ጃፓን ለራሷ መንገድ ሠርታ፣ ነድታ ነድታ ስትጠግብ ያራገፈችው ነዋ። እኛ ዘንድ ደግሞ መሪው በግራ ካልሆነ ታርጋ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ሰው መሀል ገብቶ መሪውን ከነፔዳሉ፣ ከነዳሽቦርዱ ነቅሎ፣ የቀኙን ቀዳዳ ደፍኖ የግራውን ከፍቶ፣ ሁሉንም ማሻገር አለበት። ያ ሰው ተሜ ነው። ሌሎችም ይሞክሩታል፤ እነሱ ያዞሩት መኪና ግን ወደ ሐረር ሲሉት ወደ ደገሃቡር ይላል።

ተሜ የተወለደው ወሎ ነው፣ ውጫሌ። እንጀራውን ያገኘው በሌላኛው ውጫሌ ነው። «እግዜር አድራሻ ተሳስቶበት ነው እንጂ አንተስ እዚያው ነበር የምትቀረው» ትለዋለች ሚስቱ ኬሪያ። ወታደር ሆኖ መጣ፤ የጦሩን መኪና ሲነዳና ሲጠግን ኖሮ ሲሰናበት ወደ አገሩ አልተመለሰም። ማርዎ ከምትባል ባልቴት ሰፊ ግቢ ተከራየና ጋራዥ ከፈተ። በሩ ላይ ቆርቆሮ ሰቅሎ በቀይ ቀለም «መሪ በአስተማማኝ ሁኔታ ይቀየራል» ብሎ ጻፈበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ 2010 መጣ። ያ ዓመት ጅግጅጋ ላይ እንዴት እንዳለፈ የኖረበት ያውቀዋል። መጤ የተባለ ሁሉ በሚታደንበት በዚያ ክፉ ሰሞን ማርዎ ተሜን፣ ኬሪያንና ልጆቻቸውን ጓዳዋ ውስጥ ዘግታባቸው፣ እሷ በርጩማዋን አውጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። የመጣውን ሁሉ «እዚህ ቤት የእኔ ልጆች ብቻ ናቸው» እያለች መለሰች። ተሜ ይህን እስኪሞት አይረሳውም፤ ሊረሳው አለመቻሉ በኋላ ጎድቶታል፤ እደርስበታለሁ።

ነገሩ በረድ ሲል፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ተቀያይረው ከተማው ጢሱ ሳይለቀው፣ አንድ መቶ አለቃ ከወታደሮቹ ጋር ሲያልፍ ቆርቆሮዋን አያት። መኪናውን አስቁሞ ወረደ።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ተሜ፣ ቅባት የነካ እጁን እየጠረገ።

«የትኛውን መሪ ነው የምትቀይረው?»

«የመጣውን ሁሉ።»

«በማን ፈቃድ?»

«በንግድ ፈቃድ።»

መቶ አለቃው ወታደሮቹን ዞር ብሎ አያቸው። «ከምን ወደ ምንድነው የምትቀይረው?»

«ከቀኝ ወደ ግራ ነዋ» አለ ተሜ፣ ገና አልገባውም።

እግዜር ሲያወጣ ሂርሲ በዚያው ሰዓት አንዲት ቪትዝ እየነዳ ደረሰ። ሂርሲ መኪና ነጋዴ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬው ከቁመቱ የሚረዝም። ከቀኝ በኩል በር ከፍቶ ሲወርድ መቶ አለቃው አየው፣ ቪትዟን አየ፣ ቆርቆሮዋን አየ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲሄድ ግን «ለማንኛውም የመኪና የምትለውን ጨምርባት» ብሎ አዘዘ። ቦታ ስላልነበረ ተሜ «የመኪና» የምትለዋን ከላይ፣ ጥግ ላይ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል ሸጎጣት። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ አንድ ባለሥልጣን በተነሣ ቁጥር የጎረቤቱ ሰው በሩ ላይ ብቅ እያለ «ተሜ፣ አንተ ነህ እንዴ?» ይለዋል።

ተሜና ሂርሲ የተዋደዱት በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ነው። ከቶጎ ውጫሌ ጅግጅጋ ቀኝ መሪ መኪና መንዳት አንድ ክፉ ነገር አለው። ነጂው የሚቀመጠው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። ከፊቱ አይሱዙ ከተገተረ፣ ማዶ የሚመጣ ይኑር አይኑር አይታየውም። የሚታየው ግራ፣ ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው። እሱ ዓይን ይባላል። የዓይን ቋንቋ ሁለት ቃል ነው፤ «ቆይ» እና «ባዶ ነው»። ባዶ ነው ከተባለ ነጂው ሳያንገራግር ይወጣል፤ ራሱ ላረጋግጥ ካለ ዓይን ማስቀመጡ ምን ሊረባው። ብዙ ሰው በዚያ ቃል ሞቷል። ሂርሲ ግን «የእናቴ ልጅ ዐብዲራሺድ አፍጥጦ ከሚያሳልፈኝ፣ ተሜ እንቅልፍ እያዳፋው ቢያሳልፈኝ ይሻለኛል፣ ወላሂ» ይላል። ተሜም በዚያ ወንበር ላይ አንድ ቀን አላንቀላፋም። አንድ ቀንም ከሁለቱ ቃል ውጪ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ደህና ጊዜ ነበር። ግቢው ውስጥ መሪያቸው የተነቀለ ቪትዞች፣ ማርክ ቱዎች፣ ኮሮላዎች አፋቸውን ከፍተው ተራ ይጠብቃሉ። የከተማው ጎረምሳ አዲስ የገባ መኪና ሲሰማ ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እያዳመጠ፣ ጫቱን እየቃመ፣ «ይቺ እንኳ የአሮጊት ነበረች፣ ድምፅዋ ንጹሕ ነው» እያለ ይፈርዳል። ተሜ ያዞራት መኪና ሙሽራ ይዛ ጥሩንባዋን እያስጮኸች ባለፈች ቁጥር፣ ከጋራዡ በር ላይ ቆሞ ቀለበቱን እሱ ያሰረ ይመስል ደስ ይለዋል።

አንድ መኪና ሲያልቅ ደግሞ ልማድ አላቸው። ተሜ በአዲሱ መሪ ላይ ይቀመጣል፣ ሂርሲ በቀኝ፤ ካራማራ ድረስ ወጥተው ይመለሳሉ። ሂርሲ ሁልጊዜ ገና መሪ ላይ ያለ ይመስለዋል። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ሲፈጥን ቀኝ እግሩ ወለሉ ላይ ፍሬን ይፈልጋል። ትናንት ፍሬን የነበረበት ቦታ ነዋ። «ተወው፣ ወዲህ አምጥቼዋለሁ» ይለዋል ተሜ። ሂርሲ ይረግመዋል። ይሳሳቃሉ።

በ2016፣ ጥር ሲያልቅ፣ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር አይገባም ተባለ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብቻ። ሂርሲ ስልኩ ላይ አንብቦ ለተሜ አሳየውና ሳቀ። «ሰኞ ይከለክላሉ፣ ሐሙስ ይፈቅዳሉ። መብራት በሌለበት አገር ምን ሊሰኩት ነው?» አለ። ተሜም ሳቀ። ሳቁ ግን ሆዱ አልደረሰም። ሐሙስ መጣ፤ ሌላም ሐሙስ መጣ። ግቢው ውስጥ የነበሩት መኪኖች አለቁ፤ በምትካቸው የገባ የለም። ጎረምሶቹ ቀሩ። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ዘይት ደርቆ አቧራ ያዘ። ተሜ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ ይቀመጣል፤ የተደረደረ መፍቻውን ያወጣል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ይደረድራል።

አንድ ቀን ማርዎ መጣች። ማርዎ አማርኛዋ አንተና እርስዎን አይለይም፤ ከንቲባውንም አንተ ነው የምትለው። የግመል ወተት ሻይ በብርጭቆ ይዛ፣ ባዶው ግቢ መሀል ቆማ ዙሪያውን አየች።

«ተሜ፣ አንተ ልጄ ነህ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ማሃሙድም የወንድሜ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቷል። ይህን ግቢ ስጪኝ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ማስሞያ አደርገዋለሁ አለኝ። እኔ ተሜ አለበት አልኩት። እሱ፣ ተሜ ምን ይሠራል አለኝ።» ሻዩን ሰጠችው። «ምን ልበለው? አንተ ሥራ አለህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ ውል ያወጣ፣ ሽማግሌ ይጠራ ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነፍሱን ያተረፈችለትን ሴት ግን ምን ብሎ ይቆጣታል? «ሥራ ይመጣል» አላት።

«ኢንሻአላህ። እስከ ኢድ ንገረኝ» አለች። ረመዳን ሊገባ ቀናት ነበሩት።

ተሜ ጋራዡን ካጣ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም። ዕድሜውም እንደ አዲስ ጀማሪ የሚያስቆጥረው አይደለም። ይህን ለኬሪያ ሳይሆን ለሂርሲ ነገረው። ሂርሲ የዚያን ቀን አልቀለደም።

«አንድ ቶዮታ ሰርፍ አለኝ» አለ። «ነጭ። ከእገዳው በፊት በወረቀት የገባ፣ ቀረጡ የተከፈለ። ታርጋ ግን አላወጣሁለትም። እንደሱ በየሰው ግቢ ሸራ ለብሰው የቆሙ ስንት እንደሆኑ አንተም ታውቃለህ። ሁሉም የመጀመሪያው ምን እንደሚሆን ነው የሚጠብቁት። ይሄ ታርጋ ካገኘ ሁሉም አንተ ጋ ነው የሚመጡት። ለዓመታት የሚበቃህ ሥራ ነው።»

«ካላገኘስ?»

«አምጥቼልሃለሁ፣ አዙረው» አለ ሂርሲ።

ተሜ በዚያች ሰርፍ ላይ የሠራውን በዕድሜው በሌላ መኪና ላይ አልሠራም። ድሮ ተራ የሚጠብቅ ስላለ ይቸኩል ነበር። አሁን ማን ያቻኩለዋል? የቀኙን ቀዳዳ በላሜራ ደፍኖ ሲበይድ ብየዳውን ሞርዶ ሞርዶ በጣት ቢዳሰስ እንዳይታወቅ አደረገው። ቀለሙን ከውጩ ጋር ሳይሆን ከዚያው ከውስጡ፣ ፀሐይ ካልነካው ቦታ ጋር አመሳሰለ። ምንጣፉን እንኳ በአሮጌው ስፌት ቀዳዳ መልሶ ሰፋው። ኬሪያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ አለች። አስተማሪ ናት፤ ጾመኛም ስለነበረች ትዕግሥቷ አጥሯል። አጎንብሶ ምንጣፍ ሲሰፋ አገኘችው።

«ለሟች ጥርስ ታስተክላለህ?»

«ይሄ ካለፈ ሌሎቹም ያልፋሉ።»

«ተመስገን» አለችው፤ ሙሉ ስሙን የምትጠራው ስታዝንለት ነው። «ከተማው ውስጥ ነዳጅ በሃይላንድ ጠርሙስ ነው የሚሸጠው። ማደያው በር ላይ ሰው መኪናውን አቁሞ ሚስቱ አፍጥር ታመላልስለታለች። ይሄ ዕቃ ቢያልፍስ ምን ጠጥቶ ሊሄድ ነው?»

«ይሄ ይለፍልኝ እንጂ ውኃም ይጠጣል።»

ኬሪያ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ መርፌውን ተቀብላ የቀረውን ሰፋችለት። የማታምንበትን ነገር አብራው የምትሠራው በዚህ ዓይነት ነው።

ሰርፏ አለቀች። ካራማራ ወጡ፤ ቁልቁለቱ ላይ የሂርሲ እግር ወለሉን ፈለገ፤ ተሜም እንደ ልማዱ «ወዲህ አምጥቼዋለሁ» አለው። መሪውን ቢለቁትም መኪናዋ መስመሯን አልሳተችም። ተሜ የዚያን ቀን ተስፋ አደረገ። ተስፋ ማድረጉን ለማንም አልተናገረም፤ ኬሪያ ግን በአፍጥር ሰዓት ሁለት ጊዜ ሳምቡሳ ሲያነሣ አይታ አወቀች።

ወደ ምርመራው ይዘዋት ሄዱ። መርማሪው ዴቅ የሚባል ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ሥራውን የሚወድ። ፍሬኑን ሞከረ፣ መብራቱን አየ፣ ሥሯ ገብቶ ተኝቶ ወጣ። «ንጹሕ ናት» አለ። ከዚያ ዴቅ ወረቀቱን ገለጠ።

«ወረቀቱ ቀኝ መሪ ይላል።»

«አዎ። ሲገባ ቀኝ ነበር፤ አዙሬው ነው» አለ ተሜ።

«የት ጋ?»

ዴቅ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። በባትሪ አየ። ምንጣፉን ገልጦ በጣቱ ዳሰሰ። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «አባባ፣ እኔ የተቀየረ መኪና አውቃለሁ። የተቀየረ ያስታውቃል። ይሄ ከፋብሪካ ሲወጣም ግራ ነው። ይሄ ወረቀቱ ላይ ያለው መኪና አይደለም።»

«የሻንሲ ቁጥሩ ያው አይደለም እንዴ?» አለ ሂርሲ።

«ቁጥርማ ይመታል። ስንቱ አስመትቶ መጥቷል።»

ሂርሲ በሶማሊኛ መማል ጀመረ፤ በኡስታዞች፣ በጎሳ፣ በአላህ ስም። ዴቅ አንገቱን እያወዛወዘ ሰማ እንጂ ፊቱ አልተፈታም። ሌባ ይዟል መስሎታል፤ ሌባ ደግሞ መማል ይችላል። ተሜ ሰርፏን አያት። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚበልጠውን ሥራ አያት። ከዚያ የመኪናዋን ኋላ ከፍቶ ግራይንደሩን አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ሂርሲ።

«የመብራት መስመር አምጡልኝ።»

ምንጣፉን ኬሪያ የሰፋችበት ላይ ቀደደው። በቀኝ በኩል፣ ፔዳል የነበረበት ቦታ ላይ ግራይንደሩን አሳረፈ። ቀለሙ ተላጠ፤ ስቱኮው በነነ፤ ሥሩ ያለው ብየዳ እንደ ቆሰለ ድድ ብቅ አለ። እሱም አልበቃውም፤ ላሜራውን ገመሰው። ቀዳዳው ተከፈተና በዚያ በኩል መሬቱ ታየ። ዴቅ አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«አንተ ነህ የሠራኸው» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ይቅርታ፣ አባባ። ወላሂ አልመሰለኝም ነበር።» ወረቀቱን ይዞ ወደ አለቃው ቢሮ ገባ።

በረንዳው ላይ ጠበቁ። ሂርሲ መቁጠሪያውን ያሽከረክራል። ተሜ እጁ ላይ የቀረውን የቀለም ብናኝ ያራግፋል። ዴቅ ሲመለስ ገና ከሩቅ ዓይኑን ከእነሱ አሸሸ።

«መኪናዋ እሷ መሆኗን ተቀብለዋል» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሂርሲ።

«ግን ከገባች በኋላ አካሏ የተለወጠ መኪና እንደ አዲስ ነው የሚታየው አሉ። አዲስ በነዳጅ የሚሠራ መኪና ደግሞ ተከልክሏል።»

ሂርሲ ነገሩን በአፉ አገላበጠው። «ቀኝ ሆና ብትመጣስ?»

«ቀኝማ መጀመሪያውንም ታርጋ የላትም።»

ማንም አልጮኸም። የሚጮኽበት ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። ዴቅ ሻይ ልጋብዛችሁ አላቸው፤ የረመዳን ቀን መሆኑ ትዝ ሲለው አፈረ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሂርሲ ወደ ጋራዡ መጣ። ሲገባ አላወራም፤ ይሄ ብቻውን ክፉ ምልክት ነው። የሞተውን ኮምፕሬሰር ተደግፎ ቆመ።

«ሀርጌሳ ገዢ አገኘሁላት» አለ። «ገንዘቤ ከታሰረ መቆም አልችልም፣ ተሜ።»

«ደግ አደረግህ።»

«ሰውየው ግን ግራ መሪ አልፈልግም አለ። እዚያ ሁሉም በቀኝ ነው የለመደው።»

ተሜ ቀና ብሎ አየው። ጥግ ላይ፣ ሸራ ሥር፣ የሰርፏ የቀኝ ዳሽቦርድና ፔዳል እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ተሜ የነቀለውን ዕቃ አይጥልም፤ ሂርሲም ይህን ያውቃል።

«መልሰው» አለ ሂርሲ፣ መሬት መሬት እያየ። «ለሌላ ሰው መስጠት አልፈለግሁም።»

ማፍረስ ከመሥራት ይቀላል የሚል ሰው ራሱ የሠራውን አፍርሶ አያውቅም። ተሜ የግራውን ቀዳዳ ደፈነ፤ የቀኙን፣ በምርመራው ቀን የገመሰውን፣ አስተካክሎ ከፈተ። መሪውን ወደመጣበት መለሰው። ሃያ ዓመት ያህል ከቀኝ ወደ ግራ ሲያሻግር የኖረ ሰው የመጨረሻ ሥራው ከግራ ወደ ቀኝ ሆነ። አበለሻሽቶ ሊሠራው ይችል ነበር፤ ማን ያይበታል። እጁ እምቢ አለው። ብየዳውን እንደገና ሞርዶ ሞርዶ በጣት እንዳይዳሰስ አደረገው። ሲጨርስ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። ለመኪና አልነበረም ያለቀሰው፤ በዚህ ሁሉ እውቀት ነገ ጠዋት ምን እንደሚሠራበት አጥቶ ነው።

ቶጎ ውጫሌ ድረስ አብረው አደረሷት። ሂርሲ በቀኝ ነዳ፤ ተሜ በግራ ተቀመጠ። መንገዱ ላይ «ቆይ» ሲለው ቆየ፤ «ባዶ ነው» ሲለው አለፈ።

የኢድ ዕለት ማርዎ ሩዝ በሥጋ በትልቅ ሳሕን አስይዛ ራሷ መጣች። ልብሷ አዲስ ነው፤ ፊቷ ግን የበዓል አይመስልም። ከተማው ሁሉ ሰምቶ የለ። ልትጠይቀው አፏ አልታዘዝ ሲላት ተሜ ቀደማት።

«ባዶ ነው፣ እማማ። ለማሃሙድ ስጪው።»

ማርዎ ሳሕኑን አስቀምጣ አለቀሰች። «በዚያን ጊዜ ከሰው አዳንኩህ» አለች፣ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ። «ይሄንን ማን እንደላከው እንኳ አላውቅም፤ በሩ ላይ ተቀምጬ ማንን ልመልስልህ?» ኬሪያ መጥታ ሁለቱንም ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ አስቀመጠቻቸው።

ማሃሙድ ክፉ ልጅ አልነበረም። ግቢውን አስነጥፎ፣ ማስሞያውን ተክሎ፣ ተሜን አጥሩ ጥግ ላይ በጎሚስታነት አስቀመጠው። «ሞተር ባይኖራቸው ጎማ አላቸው፣ አባባ» አለው። እውነቱን ነው። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ ጎማ ይበላሉ። ተሜ ጎማ ይነቅላል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። መኪኖቹ ሲገቡ አይሰማቸውም፤ ሰው ትከሻውን ሲነካው ነው ቀና የሚለው። ኮፈን የሚከፍት የለም፤ ቆሞ የሚያዳምጥም የለም። ባለመኪኖቹ መስታወታቸውን ዘግተው ስልካቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። መብራት የጠፋ ቀን ብቻ ይወርዱና አጥሩ ሥር ተሰብስበው ያወራሉ፤ ያን ቀን ግቢው ትንሽ የድሮውን ይመስላል። ቆርቆሮዋን ማሃሙድ አልጣላትም። ገልብጦ በጀርባዋ «ጎማ ይለጠፋል» ብሎ አጻፈባት። ዝናብ ሲመታት ግን የድሮው ጽሑፍ ቀይ ቀለም በምስማሩ ቀዳዳ በኩል ይወርዳል።

በዓመቱ ሂርሲ በኤሌክትሪክ መኪና መጣ። የራሱ ናት፤ አሁን የሚነግደውም እሷኑ ነው፣ ከጅቡቲ በኩል። ነጋዴ ነው፤ ምን ያድርግ። ዓመቱን ሙሉ አፍሮ በዚያ መንገድ አላለፈም ነበር።

«ዋርያ» አለ፣ መስታወቱን አውርዶ። «ቶጎ ውጫሌ አሮጌ ጎማ በርካሽ መጥቷል አሉ። ና፣ እንይልህ።»

ተሜ እጁን ታጥቦ መጣ። በልማድ ወደ ግራው በር ሄዶ ሊከፍት ሲል ከውስጥ የሂርሲን ክርን አገኘ። ሂርሲ መሪው ላይ ተቀምጧል። መሪው ከተወለደ ጀምሮ በግራ ነው፤ ማንም አላዞረውም።

«ወዲያ ነው፣ ተሜ» አለው ሂርሲ በቀስታ።

ዞሮ በቀኝ ገባ። ወንበሩ ለስላሳ ነው። መኪናው ተነሥቶ ይሁን አይሁን ሳያውቅ ከተማውን ጨርሰው ወጡ። ሂርሲ የወሬ ቋቱ ተከፍቶለት ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዐብዲራሺድ ሦስተኛ ሠርግ አወራ። ተሜ «እህ» ይላል። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍየል የጫነ አይሱዙ ከፊታቸው ተገተረ። ሂርሲ ቀነሰ፤ ከኋላው ተጠጋ፤ ወሬውን አቆመ።

ተሜ ቀና አለ። ከሱ ወንበር የሚታየው የአይሱዙው ጀርባና በፍርግርጉ የሚያዩት ፍየሎች ብቻ ናቸው። ሂርሲ ግን ካለበት መንገዱ እስከ አድማስ ይታየዋል። ያም ሆኖ አላለፈም። ዝግ ብሎ ተከተለ፤ ተከተለ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ፊቱን ሳያዞር፣

«ተሜ፣ እንዴት ነው?» አለው።

ተሜ የሚጠየቀው መንገዱ እንዳልሆነ ገባው። ሂርሲ ስላዘነለት ነው፤ የዓይንነት ወንበሩን ሊመልስለት ፈልጎ ነው። «ባዶ ነው» ቢለው ጓደኛው ደስ እንደሚለው ያውቃል። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። በሕይወቱ ግን ሳያይ ተናግሮት አያውቅም።

«አይታየኝም» አለ።

ሂርሲ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ራሱ አይቶ አለፈ።